የሱዳንን ጦርነት ማን በቅጡ ይነግረናል? ከጎጃም ሆኖ ለሚከታተል ሰው

ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። የጎረቤታችን የእማማ ልጅ ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነበር። ጦርነቱ ሳይጀመር ለሰሊጥ አረማ በመተማ በኩል ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ እዚያው ሥራ ይዞ ቀርቷል። በዚያ ሰሞን ከሱዳን ጦር ጋር የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ዋድ መዳኒ የተባለችውን የሱዳን ከተማ ያዘ። እኛ ዘንድ የሞባይል ኢንተርኔት የለም። ወሬ የሚመጣው በስልክና ከመተማ መንገድ በሚመለስ ሹፌር አፍ ነው። በሦስተኛው ቀን «ገዳሪፍም ተያዘች፣ ሐበሻ አለቀ» ተባለ። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ። ጎረቤት ለለቅሶ ተሰበሰበ።

በሳምንቱ ልጁ ደወለ። ደህና ነው። ገዳሪፍ አልተያዘችም። ያ ሁሉ እንባ በአንድ ሰው ግምት የመጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጦርነት በደብተር እየጻፍኩ እከታተላለሁ። ማንን ልስማ፣ ማንን ልተው የሚለውን ለመለየት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። የደረስኩበትን መንገድ እዚህ አስቀምጣለሁ። ከቡሬም ሆነ ከደንበጫ፣ ከዳንግላም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ሆኖ፣ አንድ ስልክና አንድ ሬዲዮ ያለው ሰው ሊሠራበት ይችላል። ብዙ ቤት ልጁን ወደዚያ ልኳል። ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ አጽሙን ራስህ ያዝ

ተንታኝ ከመፈለግህ በፊት አንድ ገጽ ጻፍ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ይህ ገጽ ሳይኖርህ ማን እንደሚያውቅና ማን እንደሚያወራ መለየት አትችልም።

የእኔ ገጽ እንዲህ ይላል። ጦርነቱ ካርቱም ላይ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በአንድ ወገን በጄኔራል አብደልፈታህ አል-ቡርሃን የሚመራው የሱዳን ጦር አለ። በሌላው ወገን በመሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ፣ ሰው ሁሉ «ሄሜቲ» በሚለው፣ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል አለ። ሁለቱ ሰዎች ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ላይ መፈንቅለ መንግሥቱን ያደረጉት አብረው ነው። ፈጥኖ ደራሹ በአውሮፓውያኑ 2013 የተቋቋመው በምዕራብ ሱዳን፣ በዳርፉር ከሚታወቀው ከጃንጃዊድ ሚሊሻ ነው። ዋድ መዳኒ ታኅሣሥ 2016 በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀች፤ ጥር 2017 ጦሩ መልሶ ያዛት። መጋቢት 2017 ጦሩ ካርቱም ያለውን ቤተ መንግሥት አስመለሰ። ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከ500 ቀን በላይ የተከበበችው አል-ፋሺር በፈጥኖ ደራሹ ተያዘች።

ከዚያ ካርታ ክፈት። መተማን፣ ገዳሪፍን፣ ካርቱምን፣ አል-ፋሺርን በጣትህ አገናኝ። አል-ፋሺር ዳርፉር ነው ያለችው፤ ከመተማ በአየር እንኳ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንድ ሰው በቪዲዮ ወጥቶ «አል-ፋሺር ተያዘች፣ ጦርነቱ ነገ ድንበራችን ይደርሳል» ካለህ ካርታ አላየም ማለት ነው። ሌላውንም ትንታኔ ማየት አያስፈልግህም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ቀንና ሰዓት። ከእንግሊዝኛ በችኮላ የሚተረጎም ዜና የአውሮፓውያንን ዓመት ከእኛው ጋር ይደባልቃል። «በ2015 የተፈጸመ ጭፍጨፋ» ሲባል የእኛ 2015 ይሁን የእነሱ 2015 ሳይለይ ይቀራል። በመካከሉ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ካርቱም ከእኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፤ የእነሱ ጠዋት 9 ሰዓት የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ይሆናል። አንድ የቦምብ ድብደባ ሁለት ተደርጎ ሲወራ የሰማሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ያየ፣ የሰማ፣ የገመተ

የእኛ አገር ሽማግሌ ምስክር ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በዓይንህ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብሎ ነው። ከዚህ የተሻለ የማጣሪያ ጥያቄ አላገኘሁም። መመሪያዬ ሁሉ በዚህ ላይ ቆሟል።

አንድ ትንታኔ ስታነብ ወይም ስትሰማ ደብተርህን በሦስት ዓምድ ክፈል። የመጀመሪያው ያየው ነው፦ ተናጋሪው ራሱ ያየው፣ ወይም አየሁ ያለ ሰው በስም ወይም በቦታ ተጠቅሶ የነገረው። ሁለተኛው የሰማው ነው፦ «ምንጮች እንደገለጹት»፣ «ይባላል»፣ «እየተነገረ ነው»። ሦስተኛው የገመተው ነው፦ «ዓላማቸው ይህ ነው»፣ «ቀጥሎ የሚሆነው እንዲህ ነው»። የአሥር ደቂቃ ንግግር እየሰማህ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በዓምዱ አስቀምጥ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከለመድከው በኋላ ደብተር አያስፈልግህም፤ ጆሮህ ራሱ ይለየዋል።

ግምት መጥፎ አይደለም። ተንታኝ የሚባለው መገመት ስለሚችል ነው። መጥፎው ግምቱን ያየው አስመስሎ ሲነግርህ ነው። «ገዳሪፍ ተያዘች» ያለው ሰው ውሸታም ላይሆን ይችላል። ዋድ መዳኒ መያዟን ሰማ፣ ቀጥሎ ገዳሪፍ ትሆናለች ብሎ ገመተ፣ ከዚያ የገመተውን እንደሆነ አድርጎ ተናገረ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስቱንም ዓምድ አለፈ።

ጥሩው እንዴት እንደሚናገር ላሳይህ። አል-ፋሺር ስትወድቅ ከተማው ውስጥ የስልክና የኢንተርኔት መረብ አልነበረም ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ያለ የሰብዓዊ ጉዳዮች ምርምር ቤተ ሙከራ የሳተላይት ፎቶ እያየ ሪፖርት ያወጣ ነበር። «ይህን ያህል ሺህ ሰው ሞተ» ብሎ አልጀመረም። በዚህ ሰፈር የሰው አካል የሚያክሉ ነገሮች መሬት ላይ ተከማችተው ይታያሉ፣ አጠገባቸው መሬቱ ቀልቷል፣ በቀደመው ፎቶ አልነበሩም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ይህ ከጅምላ ግድያ ጋር ይገጥማል ያለው። መጀመሪያ ያየውን፣ ቀጥሎ የገመተውን። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ ጣዊላ የሸሹ ሰዎች የተናገሩትና ታጣቂዎቹ ራሳቸው የቀረጹት ቪዲዮ ደግሞ ያንኑ አጠናከረ። ሦስት የተለያየ መንገድ ወደ አንድ ቦታ ሲደርስ ማመን ትችላለህ።

ሦስት ገጽ አንድ ዜና ስለጻፉ ግን ሦስት ምስክር አይሆኑም። ሁሉም ከአንድ የቴሌግራም መልእክት ቀድተው ሊሆን ይችላል። ወንዙን ወደ ላይ እየተከተልክ ምንጩ ድረስ ውጣ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የተባለው ለዚህ ነው።

ቃሉን አዳምጥ

ወገንተኝነት ቶሎ የሚታየው በስም አጠራር ላይ ነው። ጥቂት የዓረብኛ ቃላት ብታውቅ ሰውየው የቆመበትን በአንድ ደቂቃ ታውቃለህ።

የጦሩ ደጋፊዎች ፈጥኖ ደራሹን በስሙ አይጠሩትም። «ሚሊሻው»፣ «አማፂው»፣ «ጃንጃዊድ» ይሉታል። ጦርነቱን ራሱን «የክብር ጦርነት» ይሉታል፤ በዓረብኛው «ማዕረከት አል-ከራማ»። የፈጥኖ ደራሹ ደጋፊዎች ደግሞ ጦሩን «ፉሉል» ይሉታል፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የአልበሽር ሥርዓት ትራፊዎች ማለታቸው ነው። «ኬዛን» ሲሉ እስላማዊውን ፓርቲ መስደባቸው ነው። ሲቪሎቹ የሚናገሩት ሌላ ነው። «ሁለቱ ጄኔራሎች» ይላሉ፤ «ጦርነት ይቁም» ይላሉ።

እነዚህ ስድቦች ሁሉ እውነት የሌለባቸው አይደሉም። ፈጥኖ ደራሹ ከጃንጃዊድ መምጣቱ እውነት ነው። ከጦሩ ጎን የተሰለፉ የአልበሽር ዘመን ሰዎች መኖራቸውም እውነት ነው። ግን ሰውየው ሁልጊዜ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ ስለሌላው ወገን ጥፋት የሚነግርህን ደግመህ አጣራ። በአማርኛም ተመልከት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዱ ወገን «ነጻ አወጣ»፣ ሌላው «ወረረ» ከተባለ ቃሉ ተመዝኖ አልተጻፈም።

ገንዘቡ ከየት ነው? የእኛስ ልብ የት ነው?

በዚህ ጦርነት የውጭ እጅ ብዙ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን በአውሮፓውያኑ ጥር 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በቻድ በኩል ለፈጥኖ ደራሹ መሣሪያ ታቀርባለች የሚለውን ክስ ተአማኒ ብሎታል። ኤምሬቶች ታስተባብላለች። ግብፅ ከጦሩ ጎን ናት። እንግዲህ ቴሌቪዥኑን ስትከፍት የባለቤቱን ቤት አስብ። አልጀዚራ በኳታር መንግሥት ገንዘብ ይሠራል። አል-ዓረቢያ የሳዑዲ ነው። ስካይ ኒውስ ዓረቢያ የሚሠራው ከአቡ ዳቢ ነው። ሦስቱም ጥሩ ጋዜጠኞች አሏቸው፣ ሦስቱንም ማየት ይጠቅማል። ግን አንድ ጣቢያ ስለ ባለቤቱ መንግሥት ምን እንደማይናገር ማስተዋል ከሚናገረው እኩል ያስተምራል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። እኛ ኢትዮጵያውያን በሱዳን ጉዳይ ገለልተኛ አይደለንም። ከሰከላ ግሽ ዓባይ የሚነሳው ውሃ ካርቱም ነው ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው። የህዳሴ ግድብ ክርክር አለ። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ድንበር ላይ ወዳለው የአል-ፋሽጋ የእርሻ መሬት መግባቱ ብዙ ገበሬ አፈናቅሏል። ስለዚህ ብዙ የአማርኛ ተንታኝ ጦርነቱን የሚያየው «ማን ቢያሸንፍ ለእኛ ይሻላል?» በሚለው መነጽር ነው። ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው። ካርቱም አጠገብ ያለችው የኦምዱርማን ሰው ምን እየደረሰበት እንደሆነ ግን አይመልስም። ሰው ሲያልቅ «ይበላቸው» የሚል ተንታኝ ከሰማህ፣ ትንታኔውን ሳይሆን ቂሙን ነው የሰማኸው። ተወው።

ራስህንም ጠይቅ። ይህን ዜና ያመንኩት ስለተረጋገጠ ነው ወይስ ደስ ስላለኝ? እኔ ደብተሬ ላይ ደስ ያለኝን ዜና በቀይ አሰምርበታለሁ። ቀዩን ሁለት ጊዜ አጣራለሁ።

የት ሄጄ ላንብብ?

ለሱዳን ከሱዳናውያን መጀመር አለብህ። ራዲዮ ዳባንጋ በአውሮፓውያኑ 2008 የተመሠረተ፣ ከኔዘርላንድ የሚያሰራጭ የሱዳን ጣቢያ ነው። በዳርፉር መንደሮች ሳይቀር የሚደውሉለት ሰዎች አሉት። በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ በአጭር ሞገድም ይሰማል። ሱዳን ትሪቢዩን ለፖለቲካው ውስጥ ውስጡን ጥሩ ነው። ለጠለቀ ትንታኔ ክራይሲስ ግሩፕንና ሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩትን እፈልጋለሁ። የመሣሪያ ጉዳይ ሲሆን ጄኔቭ ያለውን ስሞል አርምስ ሰርቬይ አያለሁ። አክሌድ ደግሞ እያንዳንዱን ግጭት በቀንና በቦታ ይመዘግባል፤ «በዚህ ወር በዚህ ግዛት ምን ሆነ?» ለሚል ጥያቄ እሱ ይመልሳል። የሐሰት ወሬ ለማጣራት በሱዳን በኩል ቢም ሪፖርትስ አለ፤ በአማርኛ ደግሞ ሐቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክ አሉ።

በአማርኛ ለዕለት ዜና ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያሰራጨው የጀርመን ድምፅና ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጽፈው ቢቢሲ አማርኛ መነሻ ይሆናሉ። መነሻ ነው ያልኩት። ከዚያ ስም ይዘህ ወደ ሱዳናውያኑ ተሻገር። እንግሊዝኛ የማይሆንልህ ከሆነ በጉግል ትርጉም ወደ አማርኛ አድርገው፤ ሐሳቡን ትይዛለህ። ከዓረብኛ ቀጥታ ወደ አማርኛ ስታደርገው ግን የሰውና የቦታ ስም ይበላሻል፤ ስሞቹን ለይተህ አመሳክር።

ከግለሰብ ተንታኞች መካከል ኮሎድ ኬርን እጠቅሳለሁ። ካርቱም ስትሠራ የነበረች ሱዳናዊት ናት፤ ስለ ሲቪሉ ወገን የምትናገረው ብዙዎቹ የማያዩትን ነው። እንግሊዛዊውን ተመራማሪ አሌክስ ዴ ዋልን ደግሞ ለሌላ ምክንያት እጠቅሳለሁ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በያዘው አቋም ብዙዎቻችን ተቀይመነዋል፤ እኔም ጭምር። ነገር ግን ሰውየው ዳርፉርንና ረሃቧን ከአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ ጀምሮ ሲያጠና የኖረ ነው። ስለ ሱዳን የሚለውን በሦስቱ ዓምድ እያስቀመጥኩ አነባለሁ፤ ብዙ ተምሬበታለሁ። ሰው በአንድ ጉዳይ አላስማማኝም ብለህ በሌላው የሚያውቀውን መጣል የለብህም።

ቁጥር ሲመጣ

ስንት ሰው ሞተ? በዚህ ጥያቄ ላይ ነው ጥሩና መጥፎ ተንታኝ ፈጥኖ የሚለየው።

የለንደን የሃይጂንና ትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በአውሮፓውያኑ ኅዳር 2024 ጥናት አወጡ። በካርቱም ግዛት ብቻ፣ በመጀመሪያዎቹ 14 ወራት፣ በማናቸውም ምክንያት ከ61,000 በላይ ሰው ሞቷል አሉ። ከእነዚህ 26,000 ያህሉ በቀጥታ በጥቃት የሞቱ ናቸው። የአሜሪካ ልዩ መልእክተኛ የነበሩት ቶም ፔሪዬሎ ደግሞ ለመላው አገር እስከ 150,000 የሚደርስ ግምት ጠቅሰዋል። አክሌድ ከዚህ በጣም ያነሰ ቁጥር ይይዛል፤ ምክንያቱም ሪፖርት የተደረገውን ግድያ ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ቁጥሮቹ አይጣሉም፤ የተለያየ ነገር ነው የሚቆጥሩት። አንዱ አንድ ግዛት ብቻ ነው፤ ሌላው አገሩን ሁሉ። አንዱ በጥይት የሞተውን፣ ሌላው መድኃኒት አጥቶ የሞተውንም ያካትታል። ስለዚህ ቁጥር ስትሰማ አራት ነገር ጠይቅ፦ የት? ከመቼ እስከ መቼ? በምን የሞተ? ማን ቆጠረው? አራቱን ሳይነግርህ «መቶ ሺህ አለቀ» የሚልህ ሰው ቁጥሩን እንደ ጩኸት ነው የተጠቀመበት።

«ረሃብ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። እኛ ቤት እህል ሲያንስም ረሃብ እንላለን። ዓለም አቀፉ የምግብ ዋስትና ምደባ ግን ረሃብ ታወጀ የሚለው ከአምስት ቤተሰብ ቢያንስ አንዱ ፍጹም የሚበላው ሲያጣ፣ ከ100 ሕፃናት ቢያንስ 30ው በአጣዳፊ የምግብ እጥረት ሲከሱና በየቀኑ ከ10,000 ሰው ሁለት ሲሞት ነው። በአል-ፋሺር አጠገብ በነበረው በዛምዛም የተፈናቃዮች መጠለያ ይህ ደረጃ መድረሱ የተረጋገጠው ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ ነው። ይህን የምታውቅ ከሆነ ቃሉ በዋዛ ሲነገርና በመለኪያ ሲነገር ትለያለህ።

ቪዲዮ

እዚህ አጭር ልሁን። ቪዲዮውን አቁመህ ስክሪንሾት አንሳ፣ በጉግል ሌንስ ፈልገው። የየመን ወይም የሶርያ የቆየ ምስል ሆኖ ብዙ ጊዜ ይገኛል። አርማ 3 የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታም እንደ እውነተኛ ጦርነት ሲዞር ዓመታት ሆነው። የመኪና ታርጋ፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ ሰዎቹ የሚናገሩት ዓረብኛ የሱዳን መሆኑን ተመልከት። ሱዳንኛ የሚያውቅ ከስደት ተመላሽ ሰፈርህ ውስጥ አይጠፋም፤ አሰማው።

ተንታኙን ራሱን መዝግብ

ከደብተሩ ጀርባ ለእያንዳንዱ የምትከተለው ሰው አንድ ገጽ ስጥ። የተነበየውን ከቀኑ ጋር ጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰህ እይ። በሚያዝያ 2015 ብዙ ሰው ጦርነቱ በቀናት ወይም በሳምንታት ያልቃል ብሎ ነበር። መሳሳት ነውር አይደለም። እኔ የማየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። «ተሳስቼ ነበር፣ ያላየሁት ይህን ነው» ያለውን ገጹ ላይ ኮከብ አደርግለታለሁ። ዝም ብሎ አዲስ ትንቢት የጀመረውን እሰርዛለሁ። በዚህ መንገድ ከ20 በላይ ከሆኑ ሰዎች አምስት ቀርተውኛል። አምስት ይበቃል።

መረብ ሲጠፋ

እዚህ እኛ ዘንድ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የኖርንበትን ታውቃለህ። ስለዚህ አጭር ሞገድ የሚይዝ ሬዲዮ ቤት ይኑርህ፤ የጣቢያዎቹን ሰዓትና ሞገድ መረብ ባለበት ቀን ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፍ።

ከሱዳን የሚደውል ዘመድ ካለህ ምርጥ ምስክርህ እሱ ነው፣ አጠያየቁን ካወቅክበት። «እንዴት ነው ጦርነቱ?» ብትለው የሰፈሩን ወሬ ይነግርሃል። «ዛሬ ገበያ ወጥተሃል? ዳቦ ስንት ገባ? ትናንት ማታ ተኩስ ሰማህ? በየት አቅጣጫ?» ብትለው ያየውን ይነግርሃል። የነገረህን ስታወራ ስሙን፣ ስልኩን፣ ያለበትን ሰፈር ፌስቡክ ላይ አትጻፍ። ኬላ ላይ ስልኩን የሚፈትሹት ሰዎች አማርኛ የሚያነብ አያጡም።

እማማ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ በራችን ላይ ይቆማሉ። «ምን ሰማህ ልጄ?» ይሉኛል። ሦስት ነገር ነው የምነግራቸው። በዚህ ሳምንት የታየው ይህ ነው። የተባለው ይህ ነው፣ ገና አልተረጋገጠም። ገዳሪፍን በተመለከተ አዲስ ነገር አለ፣ ወይም የለም። ሦስተኛውን ሲሰሙ ነው ዘንቢላቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው የሚገቡት።